የአሶሳዋ ወርቅ ፈታይ

ሰው ከመሥሪያ ቤቱ ወንበር ተነሥቶ ወደ ሩቅ አገር ሂድ ሲባል፣ መጀመሪያ የሚያስበው የሚያየውን ሳይሆን የሚቀርበትን ነው። እኔም የንብረት ቆጠራ እንድሠራ ለሦስት ሳምንት ወደ አሶሳ መታዘዜን የሚገልጸው ደብዳቤ እጄ ሲገባ ያሰብሁት ስለ ጓደኞቼ፣ ስለ ቡናዬና ስለ እሑድ ከሰዓት በኋላዬ ነበር። ባልደረቦቼም አንዱ የሙቀቱን ነገር፣ አንዱ የወባውን ነገር፣ ሌላው ደግሞ የውሎ አበሉን ማነስ እያነሡ አጽናኑኝ። ማጽናናታቸው ግን ለቅሶ ቤት የተቀመጥን ያስመስል ነበር። ስለ አገሩ አንዲት ነገር የነገረኝ ሰው አልነበረም፤ እውነቱን ለመናገር እኔም አልጠየቅሁም።

ከአዲስ አበባ ወደ አሶሳ በመኪና የሚሄድ ሰው በነቀምት፣ በጊምቢ፣ በነጆና በመንዲ አልፎ፣ በባምባሲ በኩል ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። እኔ የሄድሁት በአይሮፕላን ስለ ሆነ ያየሁት ከመስኮት የሚታየውን ብቻ ነው። መስከረም እየተገባደደ ነበርና ምድሩ ሁሉ አረንጓዴ ምንጣፍ ለብሷል፤ ወንዞቹ ገና ድፍርስ ናቸው፤ የደመናው ጥላም በኮረብታው ላይ እንደ ከብት መንጋ ይነዳል።

አሶሳ የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ርእሰ ከተማ ናት። ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,500 ሜትር ገደማ ከፍ ባለ ስፍራ ላይ ስለ ተቀመጠች ጓደኞቼ እንዳስፈራሩኝ የምትፋጅ አይደለችም፤ ማለዳዋ ቀዝቀዝ፣ ቀትሯ ሞቅ፣ ማታዋም ነፈስ ይላል። ዝናቧ ከግንቦት እስከ ጥቅምት የሚዘልቅ አንድ ወቅት ነው። በየግቢው የማንጎ ዛፍ አለ፤ ከከተማው ወጣ ሲሉ ደግሞ ቀርከሃው ይጀምራል። ይህ የቆላ ቀርከሃ ከደጋው ይለያል፤ የደጋው ውስጡ ባዶ ሲሆን የዚህኛው ግን ድፍን ነው። ቤቱ፣ አጥሩ፣ አልጋው፣ ቅርጫቱ ሁሉ ከእርሱ ይሠራል፤ ለጋ ቡቃያውም ተቀቅሎ ይበላል።

በክልሉ በርታ፣ ጉሙዝ፣ ሺናሻ፣ ማኦና ኮሞ የተባሉት ነባር ሕዝቦች ከሌላው ወገናቸው ጋር ይኖራሉ። ቤኒሻንጉል የሚለው ስም የመጣው «ቤላ ሻንጉል» ከሚለው የበርታ ቃል ነው፤ ቤላ አለት ማለት ሲሆን ሻንጉል ደግሞ የአንድ የተከበረ ድንጋይ ስም ነው። ዛሬ ብዙ ሰው ክልሉን የሚያውቀው በጉባ ወረዳ በዓባይ ላይ በተሠራው ታላቅ ግድብ ነው፤ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ ተቀምጦ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ከግድቡ በፊት ግን ይህን ምድር ዓለም ያወቀው በወርቁ ነው። ስለ ወርቁ ኋላ እመለስበታለሁ፤ መጀመሪያ ያደረግሁትን ጥፋት ልናገር።

ያረፍሁት በአንድ አዛውንት ግቢ ውስጥ በተከራየሁት ክፍል ነበር። አዛውንቱ የበርታ ተወላጅ ናቸው፤ መካ ደርሰው የተመለሱ ስለ ሆነ የሰፈሩ ሰው ሁሉ «ሐጂ» ይላቸዋል፤ እኔም እንደ ሰፈሩ ሰው ሐጂ እላቸው ነበር። በደረስሁ ማግስት ማለዳ በሬን ከፍቼ ስወጣ ፊቴ በአንድ ነገር ተሸበበ። ከጣራው ክፈፍ እስከ ማንጎው ቅርንጫፍ ድረስ ድር ተዘርግቷል፤ ድሩ የጠጉር ያህል እየጎተተ ከቅንድቤና ከከንፈሬ ጋር ተጣበቀ። ቀና ስል ከራሴ በላይ አንዲት ትልቅ ሸረሪት አየሁ፤ እግሮቿ ተዘርግተው የእጄን መዳፍ የሚያህሉ መሰለኝ። መጥረጊያውን አነሣሁና የቀረውን ድር እየጠቀለልሁ አወረድሁት። ሸረሪቲቱ በአንዲት ክር ተንጠልጥላ ወደ ጣራው ሥር ሸሸች።

ሁለተኛ ልመታት ስል ሐጂ ከኋላዬ፣

«ተው ልጄ፤ ምን አደረገችህ?» አሉኝ።

«ሐጂ፣ ፊቴን ሸበበችኝ እኮ» አልሁ።

«ቤቷ ውስጥ የገባኸው አንተ ነህ። እሷ ከሐምሌ ጀምሮ እዚህ ናት፤ አንተ ትናንት መጣህ።»

አፈርሁ። መጥረጊያውን አስቀመጥሁና ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ሐጂም ሻይ አስቀርበው ሸረሪት በእምነታቸው ያላትን ክብር ነገሩኝ። ነቢዩ ሙሐመድ ከመካ ወደ መዲና ሲሰደዱ በዋሻ በተጠለሉ ጊዜ ሸረሪት በዋሻው አፍ ላይ አድርታ አሳዳጆቹ «እዚህ ሰው አልገባም» ብለው እንዲመለሱ አደረገች የሚል ትውፊት አለ። በቅዱስ ቁርአንም ሃያ ዘጠነኛው ምዕራፍ በስሟ «አል ዐንከቡት» ተብሎ ይጠራል፤ በዚያው ምዕራፍ ውስጥ ግን ከቤት ሁሉ ደካማው የሸረሪት ቤት መሆኑ ተነግሯል። እኔም በመጽሐፈ ኢዮብ ውስጥ የዝንጉ ሰው ተስፋ በሸረሪት ድር መመሰሉን አስታወስሁ።

«ታዲያ ሐጂ፣ እንዲህ ደካማ ከሆነ ያን ሁሉ ሰው እንዴት መለሰ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

ሐጂ ፈገግ አሉና፣ «ደካማነቱ ለመጥረጊያ ነው፤ ለዝንብ ግን ደካማ አይደለም። ደግሞ ነገ ጠዋት ታየዋለህ» አሉኝ።

በማግስቱ ጠዋት አየሁት። ሸረሪቲቱ ከበሬ ራቅ ብላ፣ በሁለት የማንጎ ቅርንጫፎች መካከል አዲስ ድር አድርታለች። ፀሐይ ከበስተ ጀርባው ስትወጣ ድሩ ነጭ ሳይሆን ቢጫ፣ እንዲያውም ወርቅማ ሆኖ ታየኝ። መጀመሪያ የፀሐዩ ቀለም ነው ብዬ ነበር። ኋላ የሐጂ የልጅ ልጅ፣ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ የሆነው ልጅ፣ ጥቂት ክር በነጭ ወረቀት ላይ ጠቅልሎ አሳየኝ፤ በወረቀቱም ላይ ያው ቢጫ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ ከመሄዴ በፊት፣ ማታም ከሥራ ስመለስ፣ ከልጁ ጋር ማንጎው ሥር መቆም ልማዴ ሆነ።

አሁን ይህች ሸረሪት ማን እንደ ሆነች ልንገራችሁ። ክብ ድር ከሚሠሩት ሸረሪቶች መካከል ወርቅማ ሐር የሚፈትሉ ወገኖች አሉ። ሊቃውንት ለረጅም ዘመን «ኔፊላ» ሲሏቸው ቆይተዋል፤ ቃሉ የግሪክ ሲሆን ትርጉሙ መፍተል የምትወድ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣ ጥናት ግን በአፍሪካና በአሜሪካ የሚገኙት ብዙዎቹ ከዚያ ወገን ተለይተው «ትሪኮኔፊላ» በሚል ስም ራሳቸውን የቻሉ ወገን ሆኑ፤ ይህ ስም በእግሮቻቸው ላይ ያለውን የጠጉር ጉንጉን ያመለክታል። ከእነዚህም አንዷ፣ በሴኔጋል ስም የምትጠራው፣ ከምዕራብ አፍሪካ ጀምሮ እስከ ኢትዮጵያ ድረስ ትገኛለች። እግሮቿ ጥቁርና ቢጫ ቀለበት የተደረደረባቸው ናቸው፤ የሐጂ ማንጎ ላይ ያለችውም እንዲሁ ነበረች።

ሸረሪት ሦስት አጽቄ አይደለችም። ሦስት አጽቄዎች ስድስት እግር ሲኖራቸው እርሷ ስምንት እግር አላት፤ ክንፍ የላትም። የክብ ድር ሠሪዎች ዓይን ስምንት ቢሆንም ብዙ አያይም፤ ዓለምን የሚያውቁት በእግራቸው ነው። ራሷን ወደ ታች ዘቅዝቃ በድሩ እምብርት ላይ ተቀምጣ፣ እግሮቿን በክሮቹ ላይ ዘርግታ፣ የክሩን መንቀጥቀጥ ታዳምጣለች። ቅጠል ሲወድቅ ዝም ትላለች፤ ንብ ስትገባ ግን ትሮጣለች። ልጁ በሣር ጫፍ ድሩን ነካ ነካ እያደረገ ሊያታልላት ሞክሮ ነበር፤ አንድ ጊዜ ብቅ አለች፤ በሁለተኛው ግን ንቅንቅ አላለችም። መርዟ የምትይዘውን ነፍሳት ለማደንዘዝ ነው እንጂ ሰውን የሚጎዳ አይደለም።

አንባቢዎቼ የሽሮ ሜዳን ሸማኔዎች ሲሠሩ ሳታዩ አልቀራችሁም። ሸማኔው መጀመሪያ ድሩን ያደራል፤ ቀጥሎ ማጉን በመወርወሪያ እያመላለሰ ይሸምናል። የሸረሪቲቱም ሥራ ከዚህ ብዙ አይርቅም። መጀመሪያ አንዲት ክር ለነፋስ ትለቃለች፤ ክሩ ከማዶው ቅርንጫፍ ላይ ሲያዝላት ድልድይ ሆናት ማለት ነው። ከዚያ ከመካከል ወደ ዳር የሚዘረጉትን ክሮች ታደራለች፤ እነዚህ የማይጣበቁ፣ ጠንካሮች ናቸው። ቀጥላም ከመካከል ወደ ውጭ እየዞረች ለመረማመጃ የሚሆን የማይጣበቅ ጥምዝ ክር ትሠራለች፤ በመጨረሻም ከውጭ ወደ መካከል እየተመለሰች የሚያጣብቀውንና እንደ ልብ የሚለጠጠውን ክር ታኖራለች። ሌሎቹ ክብ ድር ሠሪዎች መረማመጃውን እየቆረጡ ሲመለሱ የወርቁ ፈታይ ግን ትተወዋለች፤ የእርሷ ድር የጠነከረውም ከፊሉ በዚህ ምክንያት ነው። ልጁ በማስመሪያ ሲለካው የድሩ ስፋት አንድ ሜትር ሞላ፤ ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ የታሠሩት ክሮች ግን ከዚያ እጅግ ይረዝማሉ። በእንዲህ ያለው ድር አልፎ አልፎ ትናንሽ ወፎች ሳይቀሩ ይያዛሉ።

የሸማኔው ፈትል ከጥጥ ነው፤ የእርሷ ግን ከገዛ ሆዷ ነው። በሆዷ ውስጥ ልዩ ልዩ ዓይነት ክር የሚያመነጩ ዕጢዎች አሉ፤ ፈሳሹ በሆዷ ጫፍ ባሉት ፈታዮች በኩል ሲሳብ ጠንክሮ ክር ይሆናል። የጠንካራው ክር ኃይል በክብደት ልክ ሲመዘን ከአረብ ብረት ይበልጣል፤ ከዚህም በላይ ብረት የማይችለውን መለጠጥ ይችላል። እየበረረች የመጣች ንብ ስትመታው ክሩ አይቃወማትም፤ ተለጥጦ ፍጥነቷን ይውጠዋል። የወርቅ ቀለሙም ለጌጥ ብቻ አይደለም። በብርሃን ላይ ሲሆን ቢጫው ንቦችን ይስባል፤ በጥላ ውስጥ ሲሆን ደግሞ ከቅጠሉ ጋር ተመሳስሎ ይሰወራል። ሸረሪቲቱም እንደ ብርሃኑ መጠን ቀለሙን ማድመቅና ማፍዘዝ ትችላለች።

አንድ ቀን ልጁ ከድሩ ዳር የምትንቀሳቀስ አንዲት ደቃቅ ሸረሪት አሳየኝና፣ «ጋሼ፣ ይቺ ልጇ ናት?» አለኝ። እኔም ልጇ ትሆናለች አልሁት። ሁለታችንም ተሳስተናል፤ ባሏ ነው። በዚህ ወገን ሴቲቱ እጅግ ስትገዝፍ ወንዱ ግን ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ሆኖ ይቀራል። ድር አይሠራላትም፤ በእርሷ ድር ዳር ተጠግቶ ከእርሷ የተረፈውን እየለቃቀመ ይኖራል፤ የሚቀርባትም ብዙ ጊዜ በምግብ ላይ ሳለች ነው፤ አለዚያ ራሱ ምግብ መሆን ይመጣልና። በሐጂ ግቢ ይህን ወሬ ያነሣሁ ጊዜ የቤቱ ሴቶች ለረጅም ሰዓት ሳቁ።

እዚህ ላይ ሁላችንም በየስብሰባው የምንሰማው ተረት ትዝ አለኝ፤ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር።» ከልጅነቴ ጀምሮ ይህ ድር የሸረሪት ድር ይመስለኝ ነበር። ቋንቋችን ግን ለሸማኔውም ለሸረሪቲቱም አንድ ቃል ሰጥቷል፤ ተረቱን ያወጣው ሰው ከሸማኔው ጉድጓድ ይሁን ከዋርካ ሥር ይሁን ተነሥቶ ቢናገር ያው ነው። እኔን ያስገረመኝ ሌላ ነገር ነው። የሸረሪት ወገን አብዛኛው ብቸኛ ነው፤ እርስ በርሱም ይበላላል። የወርቅ ፈታዮቹ ግን ነፍሳት በበዛበት ስፍራ ሲሆኑ አንዳንድ ጊዜ ድራቸውን እያያያዙ ጎን ለጎን ይኖራሉ። ሁሉም የየራሷን ድር ትጠብቃለች፤ መወጠሪያውን ግን ይጋራሉ። ስለ መተባበር የሚደረግ ንግግር ሁሉ ይህን ያህል ልከኛ ቢሆን መልካም ነበር።

በሁለተኛው ቅዳሜ በሰፈሩ ሠርግ ነበረና ሐጂ ይዘውኝ ሄዱ። በዚያ የበርታዎችን ዋዛ ሰማሁ። ዋዛ ከቅል የሚሠራ ረጅም መለከት ነው፤ መለከቶቹ ብዙ ናቸው፤ እያንዳንዱ ግን አንድ ድምፅ ብቻ አለው። አንዱን ብቻውን ቢሰሙት ዜማ የለውም። ነፊዎቹ ተራቸውን እየጠበቁ አንዱ በአንዱ ላይ ድምፁን ሲያኖር ግን ዜማው ተሸምኖ ይወጣል። ጎኔ የቆመው ልጅ፣ «ጋሼ፣ ልክ እንደ ድሩ» አለኝ። እኔ ልለው ያሰብሁትን ቀደመኝ።

ይህን ሐር ሰው ለልብስ ለማድረግ መመኘቱ አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ1709 ቦን የሚባል ፈረንሳዊ በሞንፔልዬ ከተማ ከሸረሪት ሐር የእግር ሹራብና ጓንት አሠርቶ አቀረበ። ሳይንቲስቱ ሬኦሚር ነገሩን እንዲመረምር ታዝዞ ሸረሪቶች አብረው ሲታጎሩ እንደሚበላሉ፣ የሚሰጡትም ክር ጥቂት እንደ ሆነ ገልጾ ተስፋውን ቆረጠው። በአሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ላይ ካምቡዌ የተባሉ ፈረንሳዊ ቄስ በማዳጋስካር ከወርቅ ፈታዮቹ በእጅ በሚዞር መሣሪያ ሐር መሳብ ጀመሩ፤ ከዚያ የተሠራ የአልጋ መጋረጃም እ.ኤ.አ. በ1900 በፓሪስ ኤግዚቢሽን ታየ። ከመቶ ዓመት በኋላ ሳይመን ፒርስና ኒኮላስ ጎድሊ የተባሉ ሰዎች በዚያችው ደሴት ይህንኑ ሙያ ቀሰቀሱት። በየጠዋቱ ሠራተኞች ሸረሪቶችን ይሰበስባሉ፤ ሃያ አራት ሃያ አራት እያደረጉ ክራቸውን ይስባሉ፤ ከዚያም መልሰው ይለቋቸዋል። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ከሆኑ ሸረሪቶች፣ በአራት ዓመት ሥራ፣ ርዝመቱ ከሦስት ሜትር ጥቂት የሚበልጥ ጨርቅ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2009 በኒውዮርክ የተፈጥሮ ታሪክ ቤተ መዘክር ቀረበ። ቀለም አልነካውም፤ ወርቅነቱ ከሸረሪቲቱ ሆድ የወጣው ብቻ ነው። ይህን ለሐጂ ስነግራቸው ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉና፣ «አንድ ሚሊዮን? ለአንድ ጋቢ?» አሉኝ። ሬኦሚርም ያለው ይህንኑ ነበር።

አሁን ወደ ሌላው ወርቅ ልመለስ። የግብፁ ገዢ ሙሐመድ ዓሊ እ.ኤ.አ. በ1820 ጦሩን ወደ ሱዳን ያዘመተው ከሌላው ምክንያት ጋር የዚህን አካባቢ ወርቅ ተመኝቶ ነው። ከጦሩ ጋር ካዮ የተባለው ፈረንሳዊ መንገደኛ መጣ፤ ቆይቶም ሩሴገር የተባለ ኦስትሪያዊ የማዕድን ሊቅ ለዚሁ ጉዳይ ተላከ። አገሩ በምኒልክ ዘመን ከማዕከላዊው መንግሥት ጋር ከተቀላቀለ በኋላም የአሶሳው ገዢ ሼኽ ኾጀሌ አልሐሰን ግብራቸውን የሚያስገቡት በወርቅ ነበር። ዛሬም በየወንዙ ዳር ሰዎች፣ ይልቁንም ሴቶች፣ አሸዋውን በገበቴ እያጠቡ ወርቅ ሲለቅሙ ይታያሉ። ጎንበስ ብለው ቀኑን ሙሉ ውለው የሚያገኙት በጣት ጫፍ የሚነሣ ነው።

እንግዲህ ለወርቅ የመጣው ሁሉ ዓይኑን ወደ ምድር ተክሎ ነበር የመጣው። ከራሱ በላይ ያለውን ቀና ብሎ ያየና የመዘገበው ጥቂት ነው። በአገራችን ስለ ሸረሪት ከተጻፉት ቀደምት ጥናቶች አንዱ ፒዬትሮ ፓቬዚ የተባለ ኢጣልያዊ እ.ኤ.አ. በ1883 ስለ ሸዋ ሸረሪቶች ያሳተመው ነው። ሸረሪቶቹ የተሰበሰቡት ማርኬዝ አንቲኖሪ የመራው የኢጣልያ የጂኦግራፊ ማኅበር ጉዞ አንኮበር አጠገብ በልጥ ማረፊያ በሰፈረበት ጊዜ ነው፤ የተቆጠሩትና ስም የወጣላቸው ግን በኢጣልያ ነው። ሰውየው ስለ ሠራ ሊመሰገን ይገባዋል። ነገር ግን የገዛ ግቢያችን እንግዳ ስሟን ለማወቅ ወደ ሌላ አገር መዝገብ መሄዳችን ለእኛ ለመዝገብ ሰዎች የሚያሳፍር ነው።

ይህን የምለው ሌላውን ለመውቀስ አይደለም። እኔ ራሴ የመዝገብ ሰው ነኝ። በሦስት ሳምንት ውስጥ ስንት ወንበር፣ ስንት ጠረጴዛ፣ ስንት የተሰበረ መደርደሪያ እንዳለ ቆጥሬ፣ በሞዴል 19 የገባውን በሞዴል 22 ከወጣው ጋር አመሳክሬ፣ እያንዳንዱን በቁጥሩ አስፍሬአለሁ። አንዲት የጎደለች የወረቀት መብሻ ለማግኘት ግማሽ ቀን ፈጅቻለሁ። በመጀመሪያው ጠዋት ግን ለወራት ተሠርቶ የቆየውን ቤት ሳላይ፣ ሳልጠይቅ፣ ሳልመዘግብ በመጥረጊያ አስወግጄዋለሁ። ይህን የመሰለ ሥራ በመጋዘን ውስጥ ብሠራ ደመወዜ በተቆረጠ ነበር።

ወርቅ ፈታይዋ ከወባ ታድነናለች ብዬ አላጋንንም፤ ከወባ የሚያድነው አጎበር ነው፤ እኔም በአሶሳ ሳለሁ ከአጎበር ውጭ አልተኛሁም። የእርሷ ድር ከሚይዘው መካከል ንቦችና ቢራቢሮዎችም አሉበት። ጠቃሚና ጎጂ ብለን ለመፈረጅ ከመቸኮላችን በፊት ግን ማን እንደ ሆነች፣ ምን እንደምትበላ፣ መቼ እንደምትመጣና መቼ እንደምትሄድ ማወቅ ይቀድማል። ለዚህ ደግሞ ትልቅ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ደብተር፣ እርሳስ፣ ማስመሪያ፣ ከሁሉም በላይ በየቀኑ እዚያው ቦታ የሚቆም ሰው ይበቃል። ይህ ሰው ከአዲስ አበባ ለሦስት ሳምንት የሚላክ አይደለም፤ በዚያው ግቢ የሚያድር ነው።

በሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ፣ ልሄድ ሁለት ቀን ሲቀረኝ፣ ጠዋት ስወጣ ድሩ ባዶ ሆኖ አገኘሁት። እምብርቱ ላይ ማንም የለም። ነፋሱ ከዳር ገንጥሎታል፤ ማንም አልጠገነውም። ልቤ ደንገጥ አለ፤ አንድ ሰው በመጥረጊያ መታት ብዬ ጠረጠርሁ፤ መጠርጠሬም የራሴን ሥራ አስታወሰኝ። ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ዛፉ ላይ ወጣና በቅጠሎቹ መካከል ሲፈልግ ቆይቶ፣ «ጋሼ፣ እዚህ አለች!» ብሎ ጮኸ። በሁለት ቅጠሎች መካከል የወርቅ ጥጥ የመሰለ ከረጢት አንጠልጥላለች፤ እርሷም ከአጠገቡ ተጣብቃለች፤ ሆዷ ቀጥኗል። በከረጢቱ ውስጥ ያሉት እንቁላሎች በመቶዎች የሚቆጠሩ ናቸው። እናቲቱ ከዚህ በኋላ ብዙ አትቆይም፤ የዚህ ወገን ዕድሜ ከዓመት ብዙም አያልፍም። ግልገሎቹ ሲፈለፈሉ ክር ለነፋስ ለቅቀው እየተንሳፈፉ ይበተናሉ፤ ማንም ሳያስተምራቸው የመጀመሪያ ድራቸውን ያደራሉ።

ሐጂ መጥተው አዩ። ከዚያም ግቢ የምትጠርገውን ልጅ ጠርተው፣ «ይህን ቅርንጫፍ እስከሚቀጥለው ክረምት ማንም እንዳይቆርጥ፤ ማንጎው ቢበስልም ከዚህ ላይ አይለቀም» አሉ። ለአንድ ሽማግሌ የማንጎ ቅርንጫፍ ቀላል ስጦታ አይደለም።

በመጨረሻው ማታ የቆጠራውን ሰነድ ፈርሜ አሸግሁ። ከተረፉኝ ባዶ መዛግብት አንዱን በራሴ ገንዘብ ገዝቼ ያመጣሁት ነበርና ለልጁ ሰጠሁት። በመጀመሪያው ገጽ ላይ፣ እንደ ሥራዬ ልማድ፣ አምስት ዓምድ አሰመርሁለት፤ ቀን፣ ቦታ፣ የድሩ ስፋት፣ የተያዘው ነፍሳት፣ ልዩ አስተያየት። የመጀመሪያውን ረድፍ እኔ እንድሞላ ለመነኝ። በልዩ አስተያየት ዓምድ ሥር «በመስከረም ወር በአንድ እንግዳ ሰው ፈርሶ በማግስቱ እንደገና የተሠራ» ብዬ ጻፍሁ። ልጁ አነበበውና፣ «ስምዎን አይጽፉም?» አለኝ። እንግዳ ሰው ማለቱ ይበቃል አልሁት።

ውድ አንባቢ ሆይ፣ ነገ ወይም ከነገ ወዲያ አንተም በደብዳቤ ወደ ሩቅ አገር ትላክ ይሆናል። ስትደርስ ክፍልህን ለማጽዳት መጥረጊያ ማንሣትህ አይቀርም። ከመጥረግህ በፊት ግን አንድ ጊዜ ቀና በል፤ ካንተ በፊት እዚያ የነበረው ማን እንደ ሆነ የቤቱን ባለቤት ጠይቅ። እኔ ይህን የተማርሁት ዘግይቼ ነው፤ ደግነቱ አስተማሪዬ ታጋሽ ነበሩ፤ ሸረሪቲቱም በማግስቱ እንደገና ሠራችው።